ወደ ቴክሳስ የላክኋቸው ሽማግሌዎች

ብዙ ማውራት አልወድም። ነገር ግን ከረቡዕ ወዲህ ገበያ ስወጣ አንዱ፣ ቤተ ክርስቲያን ስሳለም ሌላው እያስቆመ «እውነት ነው ወይ?» ይለኛል። ለእያንዳንዱ ከምመልስ አንድ ጊዜ ልጻፈውና ይብቃኝ። አዎ፣ እውነት ነው። አሶሳ ቁጭ ብዬ፣ ቴክሳስ ለሚኖር፣ ስሙን እንኳ ለማላውቀው ሰውዬ ሽማግሌ ልኬአለሁ። ሽማግሌዎቹም ሄደዋል። በስልክ ነው የሄዱት እንጂ፣ ሄደዋል።

ነገሩ የተጀመረው በምርጫ ነው። በእኛ ምርጫ አይደለም፤ በሰው አገር ምርጫ።

ልጄ ሰናይት ዲቪ ደርሷት አሜሪካ ከገባች ቆይታለች። ቴክሳስ በሚባለው ሰፊ ክፍለ ግዛት፣ ከአንድ ትልቅ ከተማ ዳር ትኖራለች። ሌሊት አረጋውያን በሚጦሩበት ቤት ውስጥ ትሠራለች፣ ቀን ትተኛለች። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ጤና አላት፣ እሑድ እሑድ ታስቀድሳለች። ዓምና ዜግነት አገኘች። ዘንድሮ ጥቅምት ላይ ደወለችና፣ «እማ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ልመርጥ ነው» አለችኝ። ደስ ብሏታል።

እኔ ምርጫ የሚል ቃል ስሰማ መጀመሪያ የሚታየኝ ጀሪካን ነው። ጀሪካኖቹ ሞልተዋል ወይ? ዱቄት አለ? ጨው፣ ክብሪት፣ ሻማ አለ? መታወቂያው በፌስታል ተጠቅልሎ ራስጌ ተቀምጧል? ድምፅ መስጠቱ ራሱ ቀላል ነው፤ ተሰልፈሽ ትገቢያለሽ፣ ጣትሽን ቀለም ይቀቡሻል፣ ትወጫለሽ። የሚረዝሙት ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት ናቸው።

«ፕሬዚዳንት ልትመርጡ ነው?» አልኳት።

«አይ እማ፣ የአጋማሽ ዘመን ምርጫ ነው። ፕሬዚዳንቱ አይነካም። ለምክር ቤትና ለአገረ ገዥ ነው።»

«ፕሬዚዳንቱ ካልተነካ ለምን ትነካኩታላችሁ? አርፋችሁ አትቀመጡም?»

ሳቀች። ልጄ ስትስቅ መስማት እወዳለሁ። ያን ቀን ግን አልወደድኩትም።

«ዱቄት ግዢ» አልኳት። «ውሃ ሙዪ። ከቤት አትውጪ።»

«እሺ እማ» አለች። እሺ ስትል አልሰማሁሽም ማለቷ እንደሆነ ከሕፃንነቷ ጀምሮ አውቃለሁ።

በማግስቱ ፎቶ ላከችልኝ። ሰናይት ከቤቷ ፊት ለፊት ሣር ላይ ቆማለች። አጥር የለም። በሩ ከመንገድ ይታያል። ከጎኗ፣ ሣሩ ላይ፣ ሁለት የሽቦ እግር ያለው ሰሌዳ ተተክሏል፤ በሰማያዊ ቀለም የሰው ስም ተጽፎበታል። ከመንገዱ ማዶ ደግሞ ሌላ ቤት አለ። እዚያም ሰሌዳ ተተክሏል፤ የዚያኛው ቀይ ነው። ከቀዩ ሰሌዳ አጠገብ ኮፍያ ያደረገ ትልቅ ሰውዬ ቆሞ ወደ ልጄ ያያል።

ወዲያው ደወልኩ።

«በርሽ ላይ ምልክቱን ማን ነው የተከለው?»

«የምመርጠው ሰው ስም ነው እማ። እኔው ነኝ የተከልኩት።»

«ማንን እንደምትመርጪ ደጅሽ ላይ ጻፍሽ?»

«እዚህ ሁሉም እንዲህ ነው የሚያደርገው።»

«ማዶ ያለው ሰውዬስ?»

«እሱ የሌላኛው ወገን ነው።»

«ቆሞ ምን ያደርጋል?»

«ሣር እያጠጣ ነው እማ!»

ፎቶውን አጉልቼ አየሁት። የውሃ ጎማ አይታይም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ካልነገርኳችሁ እብድ እመስላችኋለሁ። እኛ የድባጤ ሰዎች ነበርን። የማን ቤት የማን እንደሆነ በምልክት የሚለይበት ቀን ምን ዓይነት ቀን እንደሆነ አውቃለሁ። እኔ ከዚያ ወጣሁ። ባለቤቴ አልወጣም። ያኔ ሰናይት አሜሪካ ነበረች፤ «አባትሽ አረፈ» አልኳት እንጂ እንዴት እንደሆነ አልነገርኳትም። አሶሳ ተቀብላኛለች፤ ሽንኩርትና ቲማቲም እሸጣለሁ፣ ተመስገን፣ ጎድሎብኝ አያውቅም። ከዚህ በላይ አልናገርም።

እናም ጸሎት ያዝኩ። የጽጌ ጾም ነበርና ተመቸኝ። መጀመሪያ፣ «እመቤቴ ሆይ፣ የልጄ ወገን ያሸንፍ፤ ጥላ አስገባልሻለሁ» ብዬ ተሳልኩ። ሁለት ቀን ሰላም አገኘሁ። በሦስተኛው ቀን ሽንኩርት እየመረጥኩ ሳለ ያ ሰውዬ ትዝ አለኝ። እሱ ቢሸነፍ አይቆጣም ወይ? የተቆጣ ሰው ከደጇ አሥር እርምጃ ላይ ተቀምጦ ልጄ እንዴት ትተኛለች? እሷ ደግሞ የምትተኛው ቀን ነው፣ ሰው ሁሉ ነቅቶ በሚሄድበት ሰዓት! ወደ ቤተ ክርስቲያን ተመለስኩና ስለቴን አሻሻልኩት። «እኩል ለእኩል አድርጊልኝ። ከጥላው ላይ መጋረጃ እጨምራለሁ።»

ይህን ለመምህር ታደሰ ነገርኩት። መምህር ታደሰ ግቢያችን ውስጥ ተከራይቶ የሚኖር የጂኦግራፊ አስተማሪ ነው። ከዚሁ ከሸርቆሌ አልፎ አያውቅም፤ ነገር ግን የማያውቀው አገር የለም።

«እኩል?» ብሎ ጮኸ። «የሰናይት እናት፣ ጣጣው እኮ እኩል ከሆነ ነው! ደግመው ይቆጥራሉ፣ ፍርድ ቤት ይካሰሳሉ፣ ሳምንት ሙሉ ይጨቃጨቃሉ።»

ሳምንት ሙሉ! ሦስተኛ ጊዜ ስለት ልቀይር ስሄድ የንስሐ አባቴ ቄስ ሞገስ ደጀ ሰላሙ ላይ አገኙኝ።

«ምነው ልጄ፣ ተመላለስሽ?»

«ስለት ላስተካክል ነው አባ።»

«ስለት እንደ ቀሚስ ይጠባል ይሰፋል እንዴ?» አሉ። ከዚያ በኋላ ለእመቤቴ «አንቺ ታውቂያለሽ» ብቻ አልኩ። ጥላውም መጋረጃውም ዕዳዬ እንደሆነ ነው።

መምህር ታደሰ ሊያጽናናኝ ብሎ በካርቶን ላይ የቴክሳስን ካርታ ሣለልኝ። ትልልቆቹ ከተሞች ወደ ሰማያዊው ወገን ያደላሉ አለ፤ ገጠሩ ለቀዩ ነው። ክፍለ ግዛቱ በጠቅላላው ለብዙ ዓመታት የቀዩ ወገን ሆኖ ቆይቷል። የአገሩ ድንበር አካባቢ ያሉት ደግሞ ድሮ ሰማያዊ ነበሩ፤ አሁን ቀስ በቀስ ወደ ቀይ እያዘነበሉ ነው።

«ሰናይት የት ላይ ናት?» አለኝ።

«ከከተማው ዳር።»

«አዎ፣ ጉዳዩ እዚያ ነው» አለና በእርሳሱ መታ መታ አደረገው። «ሁለቱ የሚቀላቀሉት ዳር ላይ ነው። በየምርጫው የሚለዋወጠው እሱ ነው።»

«ሲቀላቀሉ ምን ይሆናሉ?»

«ይፎካከራሉ።»

ድንበር፣ ዳር፣ መቀላቀል፣ መፎካከር። ሰው ሊያጽናና ሲነሣ ቃል መምረጥ አለበት። ያን ቀን እራት አልበላሁም።

ድምፅ የሰጡት ማክሰኞ ነው። ውጤቱ ለእኛ ረቡዕ ጠዋት ደረሰ። ግቢያችን መብራት አልነበረም፤ ግድቡ በክልላችን፣ ጨለማው በቤታችን ነው። ነጠላዬን ለብሼ መናኸሪያው አጠገብ ወዳለው ሻይ ቤት ሄድኩ፤ እዚያ ጀነሬተር አላቸው። በዕድሜዬ ሻይ ቤት ብቻዬን ገብቼ አላውቅም። አንድ ሻይ አዝዤ ከሾፌሮቹ መሐል ተቀመጥኩ። ኳስ ነበር የሚያዩት።

«ልጆቼ» አልኩ፣ «ለአንድ አፍታ ቴክሳስን ብታሳዩኝ?»

እንዴት እንዳዩኝ አልነግራችሁም። ብቻ ቀየሩልኝ። ካርታው ወጣ። ቀይ ነው። መሐል መሐሉ ላይ ትንንሽ ሰማያዊ ነጠብጣብ አለ፣ ሌላው ሁሉ ቀይ። ዜና አንባቢዋ የአገረ ገዥነቱን ያሸነፈው የቀዩ ወገን እንደሆነ ተናገረች።

«ቴክሳስ እኮ ድሮም የነሱ ናት!» አለ አንዱ ሾፌር፣ በቴክሳስ መስመር እንደሚነዳ ሁሉ። «እዚያ የሌላ ወገን ሰው ምን ይሠራል?»

ሻዬን አልጨረስኩትም።

ለሰናይት ደወልኩ። ይጠራል፣ አይነሣም። ደገምኩ። አይነሣም። መንገድ ላይ ቆሜ ደወልኩ፣ ገበያ መሐል ቆሜ ደወልኩ፣ የአንዲት ሴት ጎመን ላይ ቆሜ ደወልኩ፤ ጎመኑ ላይ መቆሜን ያወቅሁት ስትጮህብኝ ነው። ልጄ ሥራ ስትገባ ስልኳን ሳጥን ውስጥ እንደምትቆልፍበት፣ የእኛ ጠዋት የእነሱ ሌሊት እንደሆነ ለዓመታት አውቃለሁ። ያን ቀን ግን አላውቅም ነበር። ፍርሃት የሚያውቁትን ነገር ቀድሞ ነው የሚወስደው።

ከዚያ አንድ ነገር መጣልኝ። እኛ ዘንድ አንድ ሰው ካሸነፈ ወገን መሐል ብቻውን ሲቀር ዘመዶቹ ሽማግሌ ይልካሉ። በደል ስላለ አይደለም፣ በደል እንዳይመጣ ነው። ሽማግሌዎቹ ሄደው «ልጃችን በእናንተ መሐል ናት፣ አደራ» ይላሉ። አደራ ከተቀበለ በኋላ እጁን የሚያነሣ ሰው የለም። ቢያንስ መኖር የለበትም።

መጀመሪያ ቄስ ሞገስ ጋ ሄድኩ።

«ሰውዬው ሃይማኖቱ ምንድን ነው?» አሉኝ።

«አላውቅም አባ። ኮፍያ ያደርጋል።»

«ኮፍያ ሃይማኖት አይደለም።» ትንሽ አሰቡ። «እሺ፣ እመጣለሁ።»

ቀጥዬ የግቢያችን ባለቤት ሼክ ሀሚድ ጋ ሄድኩ። ሼክ ሀሚድ በርታ ናቸው፣ አማርኛቸው ወንድና ሴት አይለይም፤ ከድባጤ በአንድ ቦርሳ ስመጣ «ቤት አለ፣ ግባ» ብለው ያስገቡኝ እሳቸው ናቸው። ነገሩን ሳልጨርስ ተነሡ።

«እሱ ሰናይት የኛ ልጅ ነው። እንሄዳለን።»

«በስልክ እኮ ነው ሼክ።»

«በስልክም ቢሆን መሄድ መሄድ ነው። ጫማ አደርጋለሁ።»

ጫማም አደረጉ፣ ነጭ ጀለቢያም ቀየሩ። ሦስተኛው መምህር ታደሰ ሆነ፤ ከረባት አስሮ መጣ።

ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ እዚያ ጠዋት ሲሆን፣ ተሰበሰብን። ግቢያችን ውስጥ ኔትወርክ በደንብ የሚገኘው ከውሃው ሮቶ ጎን ብቻ ነው። ስለዚህ ሦስቱ ሽማግሌዎች ጀርባቸውን ለሮቶው ሰጥተው ተደርድረው ቆሙ። ከርከዴ ቀዳሁላቸው፤ ጉዳዩ ሳይሰማ አይቀመስም ብለው ብርጭቆውን በእጃቸው ያዙ። እኔ ስልኩን ይዤ በቪዲዮ ደወልኩ።

ተነሣ። ልጄ ናት። የሥራ ልብሷን እንደለበሰች ከመኪናዋ እየወረደች ነው። ሮቶውን ተደገፍኩ።

«እማ! ምን ሆነሽ ነው? ስንት ጊዜ ደወልሽ!»

«ሰውዬው የት አለ?»

«የቱ ሰውዬ?»

«ማዶ ያለው!»

ስልኳን አዞረችው። ሰውዬው ደጁ ላይ ጎንበስ ብሎ ቀዩን ሰሌዳ እየነቀለ ነው።

«ወዴት ሊወስደው ነው?» ብዬ ጮህኩ።

«ምርጫው አለቀ እኮ እማ፣ ሰው ሰሌዳውን ይነቅላል! ቆይ፣ ከኋላሽ ያሉት እነማን ናቸው?»

«ሽማግሌ ቆሟል። ጥሪው።»

ስልኩን ከፍ አድርጌ አሳየኋት። ሙሉ ቁመታቸው አልገባልኝምና የታያት የቄስ ሞገስ ጢም፣ የሼክ ሀሚድ ቆብና የመምህር ታደሰ ከረባት ነው። ይበቃል። ልጄ አሜሪካ ትኑር እንጂ ያደገችው እዚህ ነው፤ ቆሞ የመጣ ሽማግሌ ዝም ብሎ እንደማይመለስ ታውቃለች። «ወይኔ አፈርኩ» አለችና መንገዱን ተሻገረች።

ሰውዬው ኮፍያውን ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ ስልኩን ተመለከተ። አንድ ነገር አለ።

«ለምን ቆሙ፣ ወንበር የላቸውም ወይ ይላል» አለች ሰናይት።

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም በይው» አሉ ቄስ ሞገስ።

ነገረችው። እሱ ደረጃው ላይ ሊቀመጥ ጎንበስ ብሎ ነበር፤ ግራ ቀኝ አየና እንደገና ቀና ብሎ ቆመ። እውነቱን ልናገር፣ ይቺ አቋቋሙ ትንሽ ደስ አለችኝ።

ቄስ ሞገስ ምርቃት ጀመሩ። አዝመራውን መረቁ፣ ከብቱን መረቁ፣ ጎረቤቱን መረቁ፣ ዝናቡን በየወቅቱ አወረዱለት። ሰናይት ሁለት ቃል ተናግራ ዝም አለች።

«አሳጠርሽው» አሉ ቄስ ሞገስ።

«እንግሊዝኛው አጭር ሆኖ ነው አባ።»

«ይሁን። እንዲህ በይው። እናንተ አሸንፋችኋል፣ ደስ ይበላችሁ። ይህች ልጅ ግን የተሸነፈው ወገን ናት፤ በመካከላችሁ ብቻዋን ናት። እናቷ ሩቅ ናት። አደራ ልንሰጥህ ነው የመጣነው።»

ሰውዬው አዳመጠ። ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ብዙ ተናገረ፣ በእጁም ሰፈሩን ዙሪያውን አሳየ።

«አላሸነፍኩም ይላል» አለች ሰናይት። «ክፍለ ግዛቱን አሸነፍን፣ እዚህ አውራጃችን ውስጥ ግን ተሸነፍን ይላል። ድሮ ሰፈሩ በሙሉ እንደ እኔ ነበር፣ አሁን በየምርጫው እየቀነስን ነው ይላል። አሸናፊዋ እሷ ናት፣ ብቻዬን የቀረሁት እኔ ነኝ ይላል።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ።

«እውነቱን ነው» አለ መምህር ታደሰ ቀስ ብሎ። «ዳር ላይ እንደዚያ ነው።»

«ታዲያ ሽማግሌ መላክ ያለበት እሱ ነው?» አሉ ሼክ ሀሚድ።

«ሁለቱም አሸንፈው ሁለቱም ከተሸነፉ» አሉ ቄስ ሞገስ፣ «ሽማግሌ ከየት ወደ የት ነው የሚሄደው? እኔ እንዲህ ያለ ነገር ገጥሞኝ አያውቅም።»

ለምክር ዞሩ። ሦስት ጀርባ ለቴክሳስ ሰጥተው ሹክሹክታ ያዙ። ቴክሳስ ቆማ ጠበቀች።

«ምን ሆኑ ይላል» አለች ሰናይት።

«እየተመካከሩ ነው በይው።»

ሰውዬው ዝምታው ከብዶት ነው መሰለኝ ወደ ልጄ ሰሌዳ እያመለከተ አንድ ነገር ተናገረ። ሰናይት ፈገግ አለች። «ነፋስ ሁለት ጊዜ ሰሌዳዬን ጥሎት ነበር፤ እሱ ነው መልሶ ያቆመው። አላወቅሁም ነበር።»

«ለምን ያቆመዋል?» ብዬ ጮህኩ። «ወድቆ ቢቀርስ? ነፋሱ እግዚአብሔር የላከው ነበር እኮ! ማን አቁም አለው?»

«እማ!»

ሽማግሌዎቹ ወደ ስልኩ ዞሩ። ሰውዬው አሁን ወደ እኔ ነበር የሚያየው። ጠየቀ።

«እናትሽ ምኑን ነው የምትፈራው ይላል» አለች ሰናይት። ይህን ስትል ራሷም እየጠየቀችኝ ነበር።

ቄስ ሞገስ መለሱ። «የዚህች ሴት ቤት ላይ ምልክት ተደርጎበት ያውቃል። ባሏ ከዚያ ቤት አልወጣም።»

ይህን አሶሳ ላይ የማያውቅ ጎረቤት የለኝም። ሰናይት ብቻ ናት የማታውቀው። ቄስ ሞገስም የማታውቅ መሆኗን አያውቁም ነበር።

ስልኩ የተቋረጠ መሰለኝ፤ አልተቋረጠም፣ ሣሩ ላይ ነፋስ ይታየኛል። ሰውዬው ምን አሉ ብሎ ጠየቃት መሰለኝ፣ ወደ እሷ ጎንበስ አለ። በዝቅተኛ ድምፅ ነገረችው። ይህን አላሳጠረችውም።

ሰውዬው ኮፍያውን አወለቀ። ራሱ ላይ ፀጉር የለም፤ አርጅቷል፣ ካሰብኩት በላይ አርጅቷል።

«ተቀብያለሁ ይላል» አለች ሰናይት።

«አማና?» አሉ ሼክ ሀሚድ አደራውን በራሳቸው ቋንቋ፣ ቀኝ እጃቸውን አንሥተው። ሰውዬው ቃሉ ሳይተረጎምለት እጁን አነሣ።

እልል ልል ነበር። ልጄን አየሁና ተውኩት። ሽማግሌዎቹ ከርከዴያቸውን ሊቀምሱ ብርጭቆ ሲያነሡ ሰውዬው ገና አልሄደም። ኮፍያውን በእጁ እያዞረ ቆሟል። ቆየና ለሰናይት ጥቂት ቃል ተናገረ።

«እነዚህ ሰዎች ወደ ጎረቤት ብቻ ነው ወይ የሚሄዱት ይላል። ወደ ልጅም ይሄዳሉ ወይ?» ሰናይት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጨመረች፦ «አንድ ልጅ አለው፤ እዚሁ ቴክሳስ፣ ሌላ ከተማ። እንደ እኔ ነው የሚመርጠው። ካለፈው ምርጫ ጀምሮ አይነጋገሩም።»

ሼክ ሀሚድ ብርጭቆውን መልሰው አስቀመጡ። «ቁጥሩን ይስጠን። እንሄዳለን።»

ሰውዬው መነጽሩን ሊያመጣ ወደ ቤት ገባ። ሽማግሌዎቹ ስለ አዲሱ ጉዳይ መነጋገር ጀመሩ። በስልኩ ላይ እኔና ልጄ ብቻ ቀረን።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አለችኝ።

«ሌሊት ትሠሪያለሽ፣ ቀን ትተኚያለሽ» አልኳት። «መቼ ልንገርሽ?»

አለቀሰች። እኔ አላለቀስኩም። ቀና ብላ እንድትቆም ነገርኳት፤ ሰው ያያል፣ አጥር የለም። በዚያው መንገዱን ተሻግራ ሰሌዳዋን ነቅላ ቤት አስገባች፤ እኔን ብላ ነው፣ አውቃለሁ።

ሰውዬው መጥቶ የልጁን ቁጥር ሰጠ፤ መምህር ታደሰ ጻፈው። ልጁ በሥራ ቀን ስልክ እንደማያነሣ ስለተነገረን ለቅዳሜ ቀጠርን። ሼክ ሀሚድ ጀለቢያቸውን አሳጥበዋል። ቄስ ሞገስ ምርቃቱን እያሳጠሩ ነው። ስሙን ስላላወቅሁ በጸሎቴ «ማዶ ያለው ሰውዬ» እለዋለሁ፤ እግዚአብሔር የቱ ማዶ እንደሆነ ያውቃል። ልጄ ደህና ናት፣ ተመስገን። በልቻለሁ፣ ተኝቻለሁ።

ነገ ቅዳሜ ነው። ልጁ ስልኩን ባያነሣስ?